ግንዛቤ አልጎደለንም

ባለፈው ክረምት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቶቻችን ሁለተኛውን ቡና ሊቀዱ ሲሉ አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ወደ ግቢያችን ገባች። ደብተርና ፎርም ይዛለች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ‹‹እስቲ ተሰብሰቡልኝ›› አለች፤ ተሰበሰብን። እጅ ስለ መታጠብ አስተማረችን። መዳፍ ለመዳፍ፣ በጣት መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር፤ ሁሉንም በገዛ እጇ እያሳየች። ጎበዝ አስተማሪ ናት። ስትጨርስ ‹‹ጥያቄ ያለው?›› አለች። በግቢው በዕድሜ ትልቋ እናት እጃቸውን አወጡ።

‹‹ልጄ፣ ያልሽውን ሁሉ እናውቀዋለን። በቴሌቪዥንም ሰምተነዋል። በኮሮና ጊዜማ ስልክ በደወልን ቁጥር ሲነገረን ነው የከረመው። ግን ውሃው ከሄደ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። በምኑ እንታጠበው?››

ልጅቷ እንደ መሳቅም እንደ ማፈርም አለች። ‹‹እማማ፣ እሱ እንኳ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔም ሰፈር እንደዚሁ ነው›› አለች። ቡናዋን ጠጣች፣ ፎርሟን ሞላች፣ አስፈረመችንና ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደች። ፎርሙ ላይ ‹‹ለ11 አባወራ የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ተሰጥቷል›› ይላል። እውነት ነው፣ ተሰጥቷል። (ከ11ዱ አራቱ እማወራ መሆናቸውን ለጊዜው እንለፈው።) የሆነ ቦታ ላይ ይህች ቁጥር ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምራ ‹‹የዕቅዱ አፈጻጸም›› ትሆናለች። ውሃው የመጣው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ልጅቷ ላይ አንዲት ክፉ ቃል የለንም። ጭቃ እየረገጠች ቤት ለቤት የምትዞር፣ ሥራዋን የምታከብር ሰው ናት። ጠባችን ፎርሙን ካዘጋጀው አስተሳሰብ ጋር ነው። ያ አስተሳሰብ ‹ሰዎች የሚታመሙት ስለማያውቁ ነው፤ ካሳወቅናቸው ይድናሉ› ይላል። እኛ ደግሞ የምንለው፣ በሽታችን የሚሠራው ሰፈራችን ውስጥ ነው፤ በቧንቧው፣ በሽንት ቤቱ፣ በቦዩ፣ በክፍሉ ጥበት። እነዚህን ሳይነኩ እኛን ብቻ ማስተማር፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ትቶ ወለሉን ሲወለውሉ መክረም ነው።

‹‹ግንዛቤ›› የምትባል ቃል

በአገራችን ቢሮዎች እንደ ‹‹ግንዛቤ›› የለፋች ቃል ያለች አይመስለንም። የመኪና አደጋ በዛ? የግንዛቤ ማነስ። ቆሻሻ ተከመረ? የግንዛቤ ማነስ። ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ? የእናቶች የግንዛቤ ማነስ። ምክንያቱ እንዲህ ከተገኘ መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ አበል፣ በየሰዉ ፊት የታሸገ ውሃ። የታሸገው ውሃ ላይ እስቲ ትንሽ እንቁም። ስለ ንጽህና ለመወያየት የተሰበሰቡት ሰዎች ራሳቸው የአዳራሹን ቧንቧ አላመኑትም ማለት ነው። እነሱም ግንዛቤ አንሷቸው ይሆን?

ቃሏ ለምን እንዲህ ተወደደች? አንደኛ፣ ርካሽ ናት። ቧንቧ መዘርጋት መሬት መቆፈር፣ በጀት መያዝ፣ ዓመታት መጠበቅ ይጠይቃል። በራሪ ወረቀት ግን በሳምንት ታትሞ በሳምንት ይበተናል፣ ለሪፖርትም ይደርሳል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያናድደናል። ቃሏ ጥፋቱን ወደ እኛ ታዞራለች። ውሃ ካልመጣ የሚጠየቀው ውሃ አመጣለሁ ያለው ነው። ግንዛቤ ካነሰ ግን የሚጠየቀው ያልገነዘበው ነው። እንግዲህ ልጇ በተቅማጥ የተያዘባት እናት፣ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ቆማ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጥፋተኛ ትባላለች።

ግቢያችንን እናስጎብኛችሁ

ግቢያችን ከመርካቶ ብዙ አይርቅም። የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ታሪኩን ታላላቆቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ዝቅ ያሉት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ ርካሽ ሆኖ ቆየ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ መሃል ከተማ ላይ ልጆቹን ማሳደግ የቻለው በዚህ ነውና ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ርካሹ ኪራይ ጥገና አይሸፍንም። አከራዩ አያድስም፣ ተከራዩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደስ አይችልም። የጭቃው ግድግዳ ከእኛ በፊት የነበረው ነው፤ ቆርቆሮው የወንፊት ዘመድ ሆኗል።

አስራ አንድ ቤተሰብ ነን። ሁለት በር ያለው አንድ ሽንት ቤት አለን። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና መጥራት ያስፈልጋል፤ መኪናው ግን በመንገዳችን አይገባም፣ ቱቦውም ከዋናው መንገድ አይደርስልንም። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ራሱን ያስተነፍሳል። ወዴት? ወደ ቦዩ። ቦዩ የት ነው? ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት በር ላይ፣ ከውሃ ቧንቧው መስመር ጎን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስረዳ፤ በራሪ ወረቀቱ ላይ አይጻፍምና። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ቧንቧው ለቀናት ባዶውን ይቀመጣል። ሙሉ ሲሆን ግፊት ስላለው ቢቀደድ እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው። ባዶ ሲሆን ግን በስንጥቁ በኩል አጠገቡ ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ያ ነው። ከማጣሪያ ጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የተነሳ ውሃ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ውሃ ሆኗል።

የመጣውንም ቢሆን ማከማቸት አለብን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመካከላችን አንዱ ‹‹ውሃ መጣ!›› ብሎ በር ያንኳኳል። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ በርሜል፣ ድስት፣ ምን ያልተደረደረ ዕቃ አለ? ያ ውሃ ለሳምንት ይቀመጣል። በኩባያ እየተጠለቀ ይጠጣል፣ ይበሰልበታል፣ ሕፃን ይታጠብበታል። ሲያልቅ ከጋሪ ጀሪካን እንገዛለን፤ የአንዱ ጀሪካን ዋጋ በቧንቧ ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ነው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ‹‹በየጊዜው በሚፈስ ውሃ ታጠቡ›› ሲለን ፊታችን ቢጠቁር ይፈረድብናል?

የሴቶቹን ጉዳይ ደግሞ ማንም ስለማያነሳው እኛ እናንሳው። ከመሸ በኋላ መብራት በሌለው ሽንት ቤት መሄድ ስለሚያስፈራ፣ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት የሚያቆሙ እህቶች አሉን። ሽንት መያዝን ከልጅነታችን ነው የተለማመድነው። የወር አበባ ቀን ላይ በሩ የማይዘጋ ሽንት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለወንድ ባለሥልጣን ማስረዳት የሚቻል አይመስለንም። እህቶቻችን ‹‹የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ውሃ በደንብ ጠጪ›› ተብለው መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። ምክሩ ትክክል ነው። ሽንት ቤቱስ?

‹‹እናንተስ ምን ሠራችሁ?›› ትሉን ይሆናል። በዕድራችን በኩል ገንዘብ አዋጥተን ጉድጓዱን ለማሠራት ፈቃድ ጠይቀን ነበር። ከቢሮው ያገኘነው መልስ ‹‹አካባቢው ለመልሶ ማልማት የተያዘ ስለሆነ ግንባታ አይፈቀድም›› የሚል ነው። ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል። መልሶ ማልማቱም አልመጣም፣ ፈቃዱም አልመጣም። ጉድጓዱ ግን በየክረምቱ ሳያሳልስ ይሞላል።

ግቢያችን ለየት ያለ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከከተማ ቤተሰቦች ውስጥ የተሻሻለና ከሌላ ቤተሰብ ጋር የማይጋሩት መፀዳጃ የነበራቸው 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌሎች 35 በመቶ ደግሞ ደህናውን ከጎረቤት ጋር ይጋራሉ። የተቀረው ግማሽ ያህሉ ወይ ደረጃውን ያልጠበቀ ነው ያለው፣ ወይ ጨርሶ የለውም። እያወራን ያለነው ስለ ገጠር ሳይሆን ስለ ከተማ ነው።

‹‹የት?›› የሚለው ጥያቄ

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ካስጠኑን ነገሮች አንዱ ‹ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት› የሚለው ነው። ተመርቀን ስንወጣ ያስተዋልነው ግን የጤና ዜና ‹የት›ን እንደሚፈራ ነው። ‹‹ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ተጠየቀ።›› የትኛው ኅብረተሰብ? የቦሌው ወይስ የእኛ ግቢ? ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ማድረግ ይችላሉ?

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲጨርስ፣ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾችን ቤት እየቆጠረ ካርታ ላይ አሰፈረ። ‹ምን ያህል ያውቃሉ?› አላለም። ‹ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው?› አለ። መልሱ ብሮድ ስትሪት ወደሚገኝ አንድ የውሃ ፓምፕ መራው፤ የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። የበሽታው ጀርም ገና በወጉ ባልታወቀበት ዘመን ነው ይህ የሆነው። እኛ ጀርሙንም፣ ክትባቱንም፣ መድኃኒቱንም በምናውቅበት ዘመን ‹የት›ን መጠየቅ እንዴት አቃተን?

ጉዳዩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው፣ በሰር ማይክል ማርሞት የሚመራው ኮሚሽን በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ባወጣው ሪፖርት ስለ ስኮትላንድዋ ግላስጎው አስገራሚ ነገር ጽፏል። ካልተን በሚባለው ድሃ ሰፈር የተወለደ ወንድ በአማካይ 54 ዓመት ይኖራል፤ እዚያው አቅራቢያ ባለው ሌንዚ የተወለደው 82 ዓመት። የ28 ዓመት ልዩነት ነው። ሁለቱም ሕክምና በነጻ ያገኛሉ፣ ቋንቋቸውም ዝናባቸውም አንድ ነው። የተለያየው የሚኖሩበት ሰፈርና ሰፈሩ ውስጥ ያለው ኑሮ ነው። የአዲስ አበባ ካልተን የት ነው? ሌንዚዋስ? ልዩነቱ ስንት ዓመት ነው? ይህን በወረዳ በወረዳ አስልቶ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ከመቶ በራሪ ወረቀት ይልቅ እናመሰግነዋለን።

ስም መቀየርና ቦታ መደበቅ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው በተቅማጥና በትውከት ይወድቅ ጀመር። የተሰጠው ስም ‹‹አተት›› ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ‹‹ኮሌራ›› የሚለው ቃል በመንግሥት አፍ እንደ ነውር ይሸሽ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን ወረርሽኙ በስሙ ኮሌራ ተብሎ ተጠራ፤ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሌ ተነስቶ በብዙ ክልሎች የተዛመተውም እንዲሁ።

ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል? ‹አተት› የበሽተኛውን ምልክት ነው የሚናገረው፤ ታመመ፣ አስመለሰ፣ አበቃ። ‹ኮሌራ› ግን የበሽታውን መንገድ ያጋልጣል። ኮሌራ ሰገራ ከመጠጥ ውሃና ከምግብ ጋር በተገናኘበት ቦታ ይዛመታል። ቃሉ በተነሳ ቁጥር ‹የት ተገናኙ?› የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። ‹አተት› ሲባል ደግሞ ‹እጃችሁን ታጠቡ› ይበቃል። እኛ ስሙ የተመረጠበትን ሐሳብ ልብ ውስጥ ገብተን አላየንም፤ ያስከተለውን ግን አይተናል። ጥያቄው ከቧንቧው ላይ ተነስቶ እጃችን ላይ አረፈ።

በኮሮናም ያው ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ ‹‹ርቀታችሁን ጠብቁ›› ተባልን። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው የሚያድር ቤተሰብ ከማን ይራቅ? አባት ከልጁ?

ከጉሮሮ እስከ ልብ

የጥበቱ ነገር ከተነሳ፣ ከተቅማጥ ውጭ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአጭር መልእክት ብር እየላክን የምናሳክማቸው የልብ ሕሙማን ሕፃናት አሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ልባቸው ታሞ አልተወለዱም። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ሕፃኑን ቶንሲል ያመዋል፤ ጉሮሮው ላይ ያለው ባክቴሪያ በጊዜ ካልታከመ፣ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን ልብ ይጎዳል። በተደጋገመ ቁጥር የልብ በሮቹ ይበላሻሉ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ከባሰም ቀዶ ሕክምና ነው።

ያ ባክቴሪያ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንዴት ነው? ተጠጋግተው ሲተኙ፣ ተጠጋግተው ሲማሩ። አራት ልጆች በአንድ ፍራሽ፣ መስኮት በሌለው ክፍል። የሳንባ ነቀርሳም መንገዱ ይኸው የታፈነ አየር ነው። ሀብታም አገሮች ሩማቲክን ከሞላ ጎደል ያጠፉት በፔኒሲሊን ብቻ አይደለም፤ ቤቶቻቸው ሰፍተው ልጆች ተራርቀው መተኛት ሲጀምሩ በሽታው መቀነስ የጀመረው ከመድኃኒቱ በፊት ነው። እኛ ግን ልጁ ልቡ ከታመመ በኋላ እናለቅስለታለን፣ እናዋጣለታለን። ስለ ቤቱ ግን ማዋጣት ቀርቶ ማውራት አልጀመርንም።

‹‹ግን እኮ...›› ለምትሉን

‹‹የጤና ኤክስቴንሽንን ውለታ ካዳችሁ›› የሚለን አይጠፋም። አልካድንም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው፣ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን ያሰማራው ፕሮግራም አገር የሚኮራበት ነው። በ1992ቱ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ ቤት ለቤት የዞሩት እግሮች ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ያሸነፉት ክትባትና አጎበር በእጃቸው በተሰጣቸው ቦታ ነው። ባዶ እጃቸውን ከፎርም ጋር የተላኩበት ቦታ ላይ እነሱም እንደኛው ቡና ጠጥተው ነው የሚመለሱት።

‹‹እንዲህ ከሆነ ሰፈሩ ይፍረስ›› የሚልም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ ያረጁ ሰፈሮች ሲፈርሱ ያየ ሰው ይህን ቢል አይገርመንም። እኛም ለጭቃው ግድግዳ ፍቅር የለንም። የምንጠይቀው ሰውየው የት ደረሰ ብለን ነው። ከተማ ዳር ሄዶ ውሃ ወደማይወጣበት አራተኛ ፎቅ ከገባ፣ በሽታው አድራሻ ቀየረ እንጂ አልዳነም። በላዩ ላይ ዕድሩን፣ ልጅ የምትጠብቅለትን ጎረቤት፣ ሲታመም የሚያበድረውን ባለሱቅ አጥቷል። እነዚህም ጤና ናቸው። ሰፈር ግድግዳ ብቻ አይደለም።

‹‹ታዲያ ለምን እዚያ ይኖራሉ?›› የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ባንሰማው እንመርጥ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር፣ ከለቅሶው ጎን ለጎን ይህን የጠየቁ ነበሩ። ሰው ቆሻሻ ሥር ጎጆ የሚቀልሰው የቆሻሻ ፍቅር ይዞት አይደለም። የተገኘለት ቦታ እሱ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የጤና ሪፖርት ‹‹ለስንት ሰው ትምህርት ተሰጠ›› ከማለቱ በፊት በየወረዳው ውሃ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደመጣ ይጻፍበት። የፈረቃ ሠሌዳ ከወጣ በሠሌዳው መሠረት መምጣት አለመምጣቱ ከነቀኑ ይነገረን። ሁለተኛ፣ መልሶ ማልማት እስኪመጣ ድረስ ሰው ሽንት ቤቱን እንዲጠግን ይፈቀድለት። ሊፈርስ የሚችል ጉድጓድ ማሠራት የእኛ ኪሳራ ነው፤ ልንከስር ፈቅደናል። ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ያለው ‹አድራሻ› የሚለው መስመር ለማኅተም ማሟያ አይሁን። ከአንድ ግቢ አምስት ሕፃን በተቅማጥ ሲመጣ፣ ለአምስቱ መድኃኒት ጽፎ ከማሰናበት አንድ ሰው ወደዚያ ግቢ ይላክ፤ ከእሱም ጋር የቧንቧ ሠራተኛ።

አራተኛው ለራሳችን ለጋዜጠኞቹ ነው። ‹‹ኅብረተሰቡ እንዲጠነቀቅ›› የሚል መግለጫ ሲሰጠን፣ ማይኩን ከመመለሳችን በፊት ‹የት ያለው ኅብረተሰብ?› ብለን እንጠይቅ።

ይህን ስንጽፍ ውሃ ከሄደ አምስተኛ ቀናችን ነው። ጎረቤታችን እማማ በርሜላቸውን ገልብጠው የመጨረሻዋን ለሕፃኑ አጠራቅመዋል። እጃቸውን እንዴት እንደሚታጠቡ ያውቃሉ። ቢጠይቋቸው ስድስቱንም ደረጃ በቅደም ተከተል ይናገራሉ፤ ያቺ ልጅ በደንብ አስተምራቸዋለች።